ለአባባ፣ ከዳቮስ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ፣ በረዶው ከወረደ ወር አልፎታል። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እህቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ሐኪሙ ያዘዘልዎ ክራንች በሩ ኋላ ተደግፎ ይውላል አሉ። ሰፈሩ እንዳያይዎ ብለው ቤተክርስቲያን መሳለሙን እንኳ ትተዋል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ እርስዎ ጋ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል "ሰው ከፍሎ በረዶ ላይ የሚወድቀው ምን ነክቶት ነው?" ብለውኝ ነበር። በደንብ ሳልመልስልዎ ስልኩ ተቋረጠ። አሁን ልመልስ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ዳቮስ ድሮ የገበሬ አገር ነበር። ላም፣ ድርቆሽ፣ አይብ፣ ሌላ የለም። በ1853 አሌክሳንደር ሽፔንግለር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ሆኖ መጣ። ሰውዬው ስደተኛ ነው። በአገሩ አብዮት ውስጥ ገብቶ፣ አብዮቱ ሲከሽፍ ሸሽቶ ስዊዘርላንድ የገባ። ሕክምናውንም የተማረው ዙሪክ ነው። እዚህ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። የዳቮስን ሰው ሳንባ ነቀርሳ አይዘውም። ሌላ አገር ሄዶ ታሞ የተመለሰም እዚህ ሲከርም ይሻለዋል። የተራራው አየር ነው ብሎ አመነ። በ1865 ሁለት በሽተኞች በዚያ ብርድ መጡ፤ ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ ሰው በሰው ላይ ይጎርፍ ጀመር። በ1890 ባቡር ገባ።

እርስዎ ቲቢ ክፍል በድሬሰርነት ስለኖሩ ይህ ከማንም በላይ ይገባዎታል። ያኔ በሽተኛውን በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለው በረንዳ ላይ ያስተኙት ነበር። ፊቱ ብቻ ውጭ ነው። ከፊቱ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከላይ ፀሐይ። ለሰዓታት ዝም ብሎ ይተነፍስ ነበር። እዚህ ያሉት የድሮ ሕንጻዎች ወደ ደቡብ የዞረ ረጅም በረንዳ አላቸው። መጀመሪያ ስመጣ ለጌጥ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን የሰማሁ ቀን እርስዎ "መስኮቱን ክፈቱት፣ አየር ይግባ" እያሉ የሚቆጡት ነገር ትዝ አለኝ። ኋላ ላይ፣ እርስዎ ስንቱን የወጉት ያ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ሲመጣ፣ በሽተኛው ቀረ። ብዙዎቹ ሕንጻዎች ሆቴል ሆኑ።

ጤነኛውን ሰው በበረዶ ወር ያመጣው ሌላ ነው። ሳንክት ሞሪትስ በምትባል ከተማ ዮሃንስ ባድሩት የሚባል ባለሆቴል በ1864 ለእንግሊዝ እንግዶቹ "በበረዶው ወር ተመለሱ፤ ፀሐይ ካላያችሁ የመንገዳችሁን እኔ እከፍላለሁ" አላቸው ይባላል። መጥተው እስከ ፋሲካ ከረሙ።

ስኪውን፣ ማለትም እግር ላይ ረጅም ጣውላ አስሮ በበረዶ ላይ መንሸራተቱን ግን የጀመሩት የዚህ የአልፕስ ተራራ ሰዎች አይደሉም። ለኖርዌይ ሰው ስኪ ከጥንት ጀምሮ እግሩ ነው። ናንሰን የሚባል ኖርዌያዊ በ1888 ግሪንላንድን በስኪ አቋረጠና ጉዞውን ጻፈ። ያኔ ነው እዚህም ብዙ ሰው ልቡ የተነሳው። ዳቮስ ውስጥ ቶቢያስ እና ዮሃንስ ብራንገር የሚባሉ ወንድማማቾች ስኪ ገዝተው መለማመድ ጀመሩ። ሰው ሳቀባቸው። ትልቅ ሰው እግሩ ላይ ጣውላ አስሮ ሲንከባለል ያየ ሁሉ ሳቀ። እነሱም አልተዉትም፤ ሰዓቱን ለወጡ። ከተማው ሲተኛ በጨለማ እየወጡ ወደቁ፣ ተነሱ፣ ደግመው ወደቁ። በ1893 ተራራውን ተሻግረው አሮዛ የምትባል መንደር ገቡ።

በዓመቱ ያንኑ መንገድ ሼርሎክ ሆምስ የሚባለውን የልብ ወለድ መርማሪ የፈጠረውን የስኮትላንድ ተወላጅ ደራሲ፣ አርተር ኮናን ዶይልን ይዘው ደገሙት። እሱም ዳቮስ የመጣው ሚስቱ ሳንባዋን ታማ ነው። አንድ ቁልቁለት በመቀመጫው ተንሸራቶ ሱሪው ተበላ። አሮዛ ሆቴል ሲደርሱ ቶቢያስ መዝገቡ ላይ የዶይልን ሥራ "ስፖርተኛ" ብሎ ሞላለት። ዶይል ደግሞ አንድ ቀን እንግሊዞች በመቶዎች እየሆኑ ለስኪ ይመጣሉ ብሎ መጽሔት ላይ ጻፈ። በመቶዎች ነው ያለው። ዛሬ እኔ የምሠራበት የስኪ ኪራይ ቤት ብቻ በሳምንት የሚያስተናግደውን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ሥራዬን ጠይቀውኝ ነበር። ጠዋት ስኪዎቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስራለሁ። ሰሙን በትኩስ ካውያ እያቀለጥኩ ሆዳቸውን እቀባለሁ። ሲበርድ ፍቄ በብሩሽ አወለውላለሁ። የሰሙ ሽታ ጧፍ ያስታውሰኛል፤ እመቤታችን ግቢ የቆምኩ ይመስለኛል። ግድግዳው ላይ አንድ የድሮ ቆዳ ተሰቅሏል። በፊት ማሽን ሳይኖር፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የተኛ የባሕር እንስሳ ቆዳ ከስኪው ሥር አስረው ነው ዳገቱን የሚወጡት። ወደፊት ያስኬዳል፣ ወደ ኋላ አያንሸራትትም። ለጥቂት ደቂቃ ቁልቁለት ግማሽ ቀን ዳገት። በ1934 የገና ዋዜማ እዚሁ ዳቮስ ሰውን በገመድ የሚጎትት ማሽን ተተከለ፤ ድካሙም ቀረ።

እኔም ተምሬያለሁ፣ አባባ። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቱሪን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ በስኪ እንደተወዳደረ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰው ፊት መውደቁ ከብዶኝ ነበር። ሁሉም ሲሄድ፣ ዓይን ሲይዝ ነበር የምለማመደው።

አንድ ሰው ልጨምርልዎ። ማትያስ ዝዳርስኪ ይባላል፤ ኦስትሪያ ውስጥ ሊሊየንፌልድ የምትባል ቦታ ነበር የሚኖረው። ገደላማ ቁልቁለት በስኪ እንዴት እንደሚወረድ ለሕዝብ ያስተማረ እሱ ነው። ዛሬ ሰው ሁለት ዘንግ ይይዛል፤ እሱ ግን የያዘው አንድ ረጅም ዘንግ ብቻ ነበር። በ1916 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል የበረዶ ናዳ ቀበረው። ከሥሩ ሲያወጡት ብዙ አጥንቱ ተሰባብሯል። ያኔ 60 ዓመቱ ነው። ከዓመታት ሥቃይ በኋላ እንደገና ስኪ ላይ ቆመ። የሞተው በ84 ዓመቱ ነው። ፎቶውን አይቻለሁ፤ ዘንጉን ጨብጦ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

አባባ፣ ቀን መውጣቱ ከከበደዎ ቀን አይውጡ። ኪዳን ሲደረስ ገና ጨለማ ነው። የእህቴ ልጅ ባትሪ ይዞ ይከተልዎ። ክራንቹን በደህናው እግርዎ በኩል ይያዙት፤ ለበሽተኞችዎ እንዲህ ሲሉ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ እስከ ቅጽሩ በር ድረስ ብቻ። በጨለማ ማንም አያይዎትም።

የክራንቹ ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ ካለቀች ንገሩኝ። እዚህ የማያንሸራትት ጠንካራ ጎማ አለ፤ በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ።

ጉልበትዎን እስማለሁ።

ልጅዎ