ቫዮላና ቼሎ የጀመሩት ዜማ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን በጣም ቆየን። ይኼን ግን ላንቺ ካልነገርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የቤቶቨንን ሰባተኛ ሲምፎኒ በአካል ተገኝቼ ሰማሁት!

በርሊን ፊልሃርሞኒ የሚባለው አዳራሽ ነው የቀረበው። ሃንስ ሻሩን የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተከፈተ አዳራሽ ነው። ኦርኬስትራው መሐል ሆኖ ሕዝቡ ዙሪያውን ይቀመጣል። እኔ የተማሪ ኪስ የሚችለውን፣ ከኦርኬስትራው ጀርባ ያለውን ቦታ ያዝኩ። ብዙ ሰው አይወደውም። ሆርን የሚባሉት የተጠማዘዙ ጥሩምባዎች አፋቸው ወደ ኋላ ስለሚዞር ጆሮሽ ላይ ይጮኻሉ፤ ትልልቆቹ ከበሮዎች፣ ቲምፓኒውም፣ እዚያው ነው። ለሙዚቃ ተማሪ ግን ወደር የለውም። ኦርኬስትራውን የሚመራውን ኮንዳክተር ፊት ለፊት ታይዋለሽ። ተጫዋቾቹን ከእጁ ቀድሞ በዓይኑ ነው የሚያስገባቸው።

ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ የመቃኛውን ድምፅ፣ "ላ"ን፣ ሲሰጥ ሁሉም ዝም አለ። እኛ ክራር ስንቃኝ የዘፋኙን ድምፅ እንከተላለን አይደል? እዚህ ያ ሁሉ ሰው አንድ ኦቦ ተከትሎ ሲቃኝ፣ ሙዚቃው ገና ሳይጀመር ሰውነቴን ወረረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል፣ አሌግሬቶ የሚባለው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሳለን በስልክ ስንቴ ሰማነው! መጀመሪያው አይሰማም እያልን ድምፅ እንጨምር ነበር። ለካ ስልኩ ነው የበላብን። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ አንድ ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ያሰማሉ። ከዚያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ባለ ክሮች፣ ቫዮላ፣ ቼሎና ኮንትራባስ፣ ብቻቸውን ይገባሉ። ረጅም፣ አጭር አጭር፣ ረጅም ረጅም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚጫወቱት፤ ኮንትራባሱ ግን በደረቴ ውስጥ ተሰማኝ።

አንደኛ ቫዮሊኖቹ በዚህ ጊዜ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ወደ 50 ባር (የኖታ ክፍልፋይ) ይጠብቃሉ። ዜማውን ሁለተኛ ቫዮሊኖቹ ሲቀበሉ፣ ቫዮላና ቼሎ ያንን የሚያንጎራጉረውን ሌላ ዜማ ይዘው ከሥር ይሄዳሉ። አንድ ሽበታም ቫዮላ ተጫዋች ኖታውን አያይም ነበር። ዓይኑ ቼሎዎቹ ቀስት ላይ ነው። ቀስታቸው አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። "ቫዮላ ምን ያደርግልሃል፣ ማን ይሰማሃል" ይሉኝ የነበሩት ሁሉ አጠገቤ በተቀመጡ ብዬ ተመኘሁ። በመጨረሻ አንደኛ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ፣ ዜማው በደንብ ሞቆ ነው የጠበቃቸው። እንባዬ መጣ፤ አልደብቅሽም።

ሲምፎኒው እ.ኤ.አ. በ1813 ቪየና ውስጥ መጀመሪያ የቀረበው ለቆሰሉ ወታደሮች መርጃ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ነው። ቤቶቨን ራሱ መራው፤ ያውም ጆሮው በጣም ከድቶት። ሕዝቡ ይኼንኑ ክፍል ድገሙልን ብሎ አስደገመ። ዛሬ እዚህ በክፍሎቹ መሐል አይጨበጨብም፤ ሰው ትንሽ ያስልና ዝም ይላል። በኔ ግምት የ1813ቶቹ ናቸው ልክ። እኔም እጄን በግድ ነው የያዝኩት።

የቼሎውን ኖታ በቴሌግራም ልኬልሻለሁ። ከ27ኛው ባር ጀምረሽ አጥኚ፤ አንቺ በቼሎ፣ እኔ በቫዮላ አብረን የምንይዘው ዜማ እዚያ ነው። ቼሎሽ ክሩ ተበጥሶ ከተቀመጠ ንገሪኝ፣ ከዚህ እልካለሁ። ለፋሲካ ስመጣ እናንተ ቤት ሳሎን ውስጥ እንጫወተዋለን። እማማን ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ