የኅዳር 12 ጭስ ለማን ነው?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኅዳር ሲታጠን እየደረሰ ነውና የሚከነክነኝን ልጻፍላችሁ።

የምኖረው አዳማ ነው። እኛ ሰፈር ኅዳር 12 ቀን ጭሱ ገና በጠዋት ይጀምራል። ወጉ ባለመጥፋቱ ደስ ይለኛል። የሚነደው ግን ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስና አሮጌ ጫማ ሆኗል። አምና የመኪና ጎማ ሳይቀር ነደደ። የአዳማን ነፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ያን ጥቁር ጭስ ሰብስቦ ቤት ውስጥ ነው የሚከተው። አስም ያለባት የጎረቤቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ በር ተዘግቶባት ዋለች።

ከዚህ የሚብሰው ግን በኅዳር በሽታ ያለቁት ሙታን መረሳታቸው ነው። የሰፈር ልጆችን «ለምንድን ነው የምታጨሱት?» ስላቸው «ቆሻሻ ለማጥፋት» ይሉኛል። ምን ያድርጉ፣ የነገራቸው የለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛም አገር ገባ። የኅዳር በሽታ የምንለው እሱን ነው። አዲስ አበባ ላይ ብቻ እስከ 10 ሺህ ሰው እንደሞተ የሚገምቱ አሉ። ራስ ተፈሪም ታመው ለጥቂት ነው የተረፉት። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ጅብ በላው። ሰው በየደጁ ያጨሰው ክፉውን አየር ያባርርልናል ብሎ ነው።

በ2012 ኮሮና የመጣ ጊዜ ቀብር ላይ ሰው እንዳይበዛ ሲከለከል እንዴት እንዳንገበገበን አንረሳውም። እነዚያ የ1911 ሰዎች ግን ፍትሐት የለ፣ ሠልስት የለ፣ አርባ የለ። ተዝካራቸውን ማን አወጣ?

አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የምታጨሰው ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጥድ ነበር። ከላዩ ትንሽ እጣን ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሙታኖቿን በክርስትና ስማቸው እየጠራች ታስባለች። ሲያልቅባት «ቀባሪ ላጡትም» ትላለች። እኛ ልጆቹ «ነፍስ ይማር» እያልን እንቀበላታለን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አብረውን ይቆሙ ነበር። በሽታው መቼ ሃይማኖት ለየ?

እድሮቻችን ኅዳር 11 ማታ ጥሩንባ ነፊውን ቢያዞሩና «ፕላስቲክና ጎማ አታንድዱ» ቢያስብሉ ምን ይከብዳል? ሚካኤልን ለማንገሥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲወጣ ካህናቱም ለእነዚያ ሙታን ጸሎት ቢያደርሱ እላለሁ። ለእኛ እድር ሰብሳቢ ነግሬያቸው «በሚቀጥለው ስብሰባ አቅርቢው» ብለውኛል። እናንተም ከበዓሉ በፊት ባለው እትም ታሪኩን ብታወጡልን፣ ለልጆቹ የማነብላቸው አገኛለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዳማ