ጨው የሚችለው ሳር ዘሩ ጨው ይችላል ማለት አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመካከለኛው አዋሽ፣ በተለይም በአሚባራ፣ በመስኖ ብዛትና በማጠንፈፊያ ቦይ እጦት ጨው በወጣበት መሬት ላይ መኖ ስለማልማት የሚወጡ ጽሑፎችን በጉጉት እከታተላለሁ። ብዙዎቹ ግን «ጨው የሚችል ሳር» ሲሉ ሳሩ ከዘሩ ጀምሮ ጨውን እኩል የሚቋቋም አስመስለው ስለሚያቀርቡት፣ በመኖ ልማት ሥራ ላይ ያየሁትን ማካፈል ፈለግሁ።

በምሳሌነት ሮደስ ሳርን ልውሰድ። (አፍሪካ በቀል ሆኖ ሳለ፣ በደቡብ አፍሪካ ይዞታው ላይ ባስዘራው በእንግሊዛዊው ቅኝ ገዥ በሴሲል ሮድስ ስም መጠራቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።) የጎለመሰ ሮደስ ሳር ከሥሩ የገባውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉ ጥቃቅን ዕጢዎች አማካይነት ወደ ውጭ ያስወጣል። ጤዛው እንደ ደረቀ ቅጠሉን በጣቱ ያበሰ ሰው ነጭ ብናኝ ያገኛል፤ ቢቀምሰውም ጨው ነው። ከዚህም በላይ ሥሩ ብዙ ሜትር ወደ ታች ስለሚወርድ፣ የላይኛው አፈር ሲመርርበት ከታች ውኃ የሚፈልግበት ዕድል አለው።

ዘሩ ይህ ሁሉ የለውም። እጅግ ደቃቃ ስለሆነ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተዘራ ቡቃያው ከአፈር ለመውጣት ይቸገራል፤ ስለዚህ ከላይኛው ስስ ንብርብር ውስጥ መዘራት አለበት፤ በቆላው ፀሐይ ውኃው ተንኖ ጨው የሚከማቸውም እዚያው ንብርብር ላይ ነው። ዘር ለመብቀል መጀመሪያ ውኃ መጥጦ ማበጥ አለበት፤ በዙሪያው ያለው ውኃ ጨው በበዛበት መጠን ደግሞ ውኃው ወደ ዘሩ መግባት ይሳነዋል። በእርጥብ አፈር ውስጥ ተቀምጦ ይጠማል እንደ ማለት ነው። ጨው የተሠራባቸው ሶዲየምና ክሎራይድ ወደ ውስጥ ዘልቀው ሽሉን መመረዛቸው ሌላ ጉዳት ነው። ሁለቱ ጉዳቶች ግን አንድ አይደሉም።

ልዩነቱን የተረዳሁት ከአንድ ውድቀት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ፕሮጀክት በበጋ ሮደስ ሳር ዘርቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ውኃ አጠጥቶ፣ ማሳው ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ «ዘሩ የሞተ ነው» ብሎ ተወው። የዘሩ የምስክር ወረቀት ጥሩ ብቅለት ያሳይ ስለነበር ነገሩ ከንክኖኝ ከጆንያው ግርጌ የተረፈውን አመጣሁና በሁለት ሳሕን ላይ፣ በእርጥብ ጨርቅ መካከል አስቀመጥሁት፤ አንዱን በንጹሕ ውኃ፣ ሌላውን ከማጠንፈፊያው ቦይ በቀዳሁት። በ10ኛው ቀን የመጀመሪያው ሳሕን ለምልሞ ነበር፤ በሁለተኛው የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ያልበቀሉትን በንጹሕ ውኃ አጥቤ መልሼ ሳስቀምጣቸው ግን፣ ጥቂቶቹ ልፍስፍስ ብለው ቢበሰብሱም አብዛኞቹ በቀናት ውስጥ በቀሉ። ጨው ውኃ ከልክሏቸው እየጠበቁ ነበር እንጂ አልሞቱም።

ይህ ጥበቃ ለብዙ የጨዋማ ሥፍራ ዕፅዋት የመኖሪያ ዘዴ ነው፤ ዝናብ የላይኛውን አፈር እስኪያጥበው ድረስ አይነቁም። ሆኖም ገደብ አለው። ሙቀት ከጨው ጋር ሲደመር የሚተርፈው ዘር ይቀንሳል፤ አንዴ ሥር አውጥቶ ጨው የተመለሰበት ቡቃያ ደግሞ እንደ ዘሩ ተመልሶ መተኛት አይችልም። የፕሮጀክቱ ስህተትም ይኸው ይመስለኛል፤ በአንዱ ውኃ ዘሩን ቀስቅሶ በጨው መካከል ጥሎት ሄደ።

ስለዚህ አፋሮች ካርማ የሚሉትን ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ዝናብ ጠብቆ፣ ወይም አስቀድሞ በብዙ ውኃ ጨውን ወደ ታች አጥቦ መዝራት ይሻላል፤ ውኃው መውጫ ከሌለው ግን የከርሰ ምድሩ ውኃ ከፍ ብሎ ጨውን መልሶ ያመጣዋል። ቡቃያው ሥር እስኪሰድ ጥቂት ጥቂት ውኃ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት፣ በቦይ በሚጠጣ ማሳም ዘሩን በቦዮቹ መካከል ካለው ከፍታ አናት ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ከውኃው ጠርዝ አጠገብ ማኖር ይጠቅማል፤ ጨው የሚሰበሰበው አናቱ ላይ ነውና። መሬቱ ክፉኛ ከተጎዳ ደግሞ በመሬት ላይ የሚሳበውን የሳሩን ግንድ እየቆረጡ ከነሥሩ መትከል የብቅለቱን ፈተና ከናካቴው ያስቀራል።

ዘር አቅራቢዎችንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ለጨዋማ መሬት ተብሎ በሚሸጥ ጆንያ ላይ በንጹሕ ውኃ ከተለካው የብቅለት መጠን ጎን፣ በጨው ውኃ የተለካውም ይጻፍልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመኖ ልማት ባለሙያ