የወደቀ እንስሳ ሁሉ አላበቃለትም

ክቡር አዘጋጅ፣

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ በሥራዬ ላይ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ልመና ነው፤ «ዶክተር፣ ከሚሠቃይ ገላግሉት።» እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ጨካኞች አይደሉም። አብዛኞቹ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የሚናገሩት። የሚወዱት እንስሳ ወድቆ ሲንፈራገጥ ወይም የኋላ እግሮቹን መሬት ለመሬት ሲጎትት አይተው መጨረሻው የደረሰ መስሏቸዋል። በአንጎል፣ በሕብለ ሰረሰርና በነርቭ ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ሕመም ግን መልኩ ያታልላል። ሲያዩት ልብ የሚያርደው ብዙ ጊዜ የሚድን ነው፤ ቀላል የሚመስለው ደግሞ ሰዓት የማይሰጥ ሊሆን ይችላል።

አንድ አዛውንት የ14 ዓመት ውሻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ታቅፈው መጡ። ማታ ደኅና የነበረው ውሻ ጠዋት ከተኛበት ልነሣ ሲል ተንከባለለ፣ አስመለሰው፣ ጭንቅላቱ ወደ ግራ አዘነበለ። ለመቆም በሞከረ ቁጥር በግራ ጎኑ ይወድቃል። «አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሷል፤ ክንዴ ላይ እንዳለ አሳርፉልኝ» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ አጋድሜው ዓይኖቹን አየሁ። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ግራ ይንሸራተቱና ፈጠን ብለው ወደ ቀኝ ይመለሳሉ፤ እንደገና ይንሸራተታሉ። ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይሄዱም። ስሙን ስጠራው ጆሮውን አቆመ። ደግፌ አቁሜው የእያንዳንዱን እግር መዳፍ ገልብጬ በጀርባው ሳስቀምጠው፣ አራቱንም ወዲያው አስተካክሎ ረገጠ። አንጎሉ ቢጎዳ ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ እንደተገለበጠ ይቀር ነበር። የታመመው ከውስጠኛው ጆሮ የሚነሣው የሚዛን ነርቭ ነው። ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ ያረጁ ውሾችን በድንገት የሚይዝ ሕመም ነው። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት መሻሻል ይጀምራሉ፣ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥም ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ የጭንቅላቱ ማዘንበል ይቀራል። የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሰጥቼ፣ በእጃቸው እየደገፉ እንዲያጠጡትና እንዲያበሉት ነግሬ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ቀን ያው ውሻ ግድግዳ እየተደገፈ በራሱ እግር ገባ። ያን ቀን ሳልመረምር ልመናቸውን ብፈጽም ኖሮ ይሞት የነበረው ሊድን የሚችል ውሻ ነበር።

የሚጥል በሽታን በሚመለከት ሰው ሁሉ እንዲያውቀው የምፈልገው አንድ ቁጥር አለ፤ 5 ደቂቃ። ውሻ ወይም ድመት ወድቆ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መጀመሪያ ሰዓት ተመልከቱ። ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ ሰከንድ ይረዝማል፤ ሩብ ሰዓት ቆየ የሚሉኝ ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ ሆኖ ይገኛል። በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ በራሱ የሚያቆም መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ለሕይወት አያሰጋም። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም እንስሳው በቅጡ ሳይነቃ ሁለተኛው ከጀመረ፣ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ከደጋገመው ግን ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም። መንቀጥቀጡ በረዘመ ቁጥር የነርቭ ሕዋሳት የማረጋጊያ መልእክት የሚቀበሉባቸውን በሮች ከላያቸው ወደ ውስጥ ይስባሉ። በእነዚሁ በሮች የሚሠሩት የመንቀጥቀጥ ማቆሚያ መድኃኒቶች፣ ዲያዜፓምና ሚዳዞላም፣ መጀመሪያ ላይ በትንሽ መጠን ያቆሙት የነበረውን፣ ቆይተው በብዙውም ላያቆሙት ይችላሉ። ያለማቋረጥ የሚሠራው ጡንቻ ደግሞ ሰውነትን ያግላል፤ ሙቀቱ ከ41 ዲግሪ ሲያልፍ አንጎልን ብቻ ሳይሆን ኩላሊትንና ጉበትንም መጉዳት ይጀምራል።

በነዚያ ደቂቃዎች እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ውሻ ምላሱን አይውጥም። ራሱን በማያውቅበት ሰዓት ግን ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ውሃም ሆነ መድኃኒት በአፉ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ይገባል። ከደረጃና ከስለታም ነገር አርቁት፣ መብራቱን ቀንሱ፣ ድምፅ አጥፉ። ሰውነቱ ካተኮሰ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ አርጥባችሁ አናፍሱለት፤ በረዶ ግን አይሁን። ሌላ ሰው አጠገባችሁ ካለ በስልኩ ይቅረጽ። የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ከረጅም ገለጻ ይልቅ ይረዳኛል፤ የሚጥል በሽታ፣ ራስን መሳትና የጡንቻ መንዘፍዘፍ በቃል ሲነገሩ አንድ ናቸው፣ ሲታዩ ግን ይለያያሉ። ሲነቃ ለጊዜው ዓይኑ ላያይ፣ እናንተንም ላይለያችሁ ስለሚችል ተሽቀዳድማችሁ አትቀፉት። በሽታው የታወቀበት ውሻ ከሆነ፣ በፊንጢጣ የሚሰጥ ዲያዜፓም ወይም በአፍንጫ የሚነፋ ሚዳዞላም ቤት ውስጥ እንዲኖራችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ፊኖባርቢታል የተባለውን የሚጥል በሽታ መከላከያ የሚወስድ ውሻም «ተሽሎታል» ተብሎ መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥበት። ያ ራሱ መንቀጥቀጥን ይጠራል።

ስለ ድመት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ በባለቤት እጅ የሚደርሰው ጉዳት ነውና። ለውሻ ቁንጫና መዥገር ተብሎ ጀርባ ላይ የሚንጠባጠብ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ለድመት መርዝ ነው። የውሻ ጉበት በቀላሉ የሚያስወግደውን ይህን ኬሚካል የድመት ጉበት ቶሎ ማስወገድ አይችልም። ድመቷ በሰዓታት ውስጥ ጆሮዋን ማርገብገብ ትጀምራለች፣ ከዚያ ሙሉ አካሏ ይንዘፈዘፋል። ገና ንቁ ሳለች በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዛችሁ ሩጡ። ቀድሞ የታከመ ብዙው ይተርፋል። «ትንሽ ነው የቀባኋት» ማለት ግን ምንም አያድናትም።

አሁን ወደ ከበደኝ ጉዳይ ልምጣ። አንዲት ወጣት ጀርባው ረዘም፣ እግሩ አጠር ያለ የዳሽሁንድ ዝርያ ውሻዋን ሰኞ ጠዋት አመጣችልኝ። ዓርብ ማታ ደረጃ አልወጣም ብሎ ነበር፣ ስታነሣውም ጮኸ። ቅዳሜ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። እሑድ የኋላ እግሮቹን መጎተት ጀመረ። በእነዚህ ውሾች አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ገና በወጣትነታቸው ይደርቃል፤ ሲፈነዳም ፍርፋሪው ወደ ላይ ተፈናጥሮ ሕብለ ሰረሰርን ይጨፈልቃል። ነርቭ ሲጨፈለቅ ደግሞ ነገሮች በተራ ነው የሚጠፉት። መጀመሪያ ቅንጅት፣ ቀጥሎ እንቅስቃሴ፣ ቀጥሎ ሽንት የመቆጣጠር ኃይል፣ በመጨረሻ የጥልቅ ሕመም ስሜት።

መቆንጠጫዬን አነሣሁና የኋላ እግሩን ጣት፣ አጥንቱ ድረስ፣ ጨመቅሁ። እግሩ እጥፍ ብሎ ወደ ሆዱ ተሰበሰበ። «ተሰማው! ዶክተር፣ አዩት? ተሰማው!» አለች፤ ፊቷ በራ። እኔ የማየው ግን እግሩን አልነበረም። ውሻው አልዞረም፣ አልጮኸም፣ የዓይኑ ብሌን እንኳ አልሰፋም፤ ፊት ለፊት እያየ ያለከልካል። ሌላውን እግር ጨመቅሁ፤ ያው ነው። እግር ሲጨመቅ የሚታጠፈው ከተጨፈለቀው ቦታ በታች ባለው ሕብለ ሰረሰር ትእዛዝ ብቻ ነው፤ መልእክቱ አንጎል መድረሱን አያሳይም። ተሰማው የሚባለው ዞር ብሎ ሲያይ፣ ሲጮኽ፣ ሊነክስ ሲል ነው። ይህን ለእሷ ማስረዳት በሥራዬ ከገጠሙኝ ከባድ ደቂቃዎች አንዱ ነበር። ይህ ስሜት እስካለ ድረስ በቀዶ ሕክምና ከ10 ውሾች 9 ያህሉ ተመልሰው ይራመዳሉ፤ ከጠፋ በኋላ ግን ዕድሉ ወደ ግማሽ ያህል ይወርዳል። ዓርብ ማታ የነበረው ውሻና ሰኞ ጠዋት የነበረው ውሻ አንድ አልነበሩም። ቀዶ ሕክምናው ተደረገለት፣ አልተመለሰለትም። ዛሬ በሁለት ጎማ ጋሪ ይሄዳል፤ ሽንቱን በቀን ብዙ ጊዜ ሆዱን ተጭና የምታወጣለት እሷ ናት። አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም።

ውሻችሁ በድንገት ጀርባውን ከቆለመመ ወይም ከተንገዳገደ በጠባብ ቦታ አሳርፉት፤ ሲጓዝም በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ይተኛ። መኪና የገጨውም እንደዚሁ። ጭንቅላቱን የተመታ ከሆነ የጣውላውን የራስጌ ጎን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ከፍ አድርጉት፣ የአንገት ማሰሪያውንም ፍቱለት። የአንገት ደም ሥር ከታፈነ አንጎል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። እዚህ ላይ ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል አለኝ። ጭንቅላቱን ለተመታ እንስሳ «ለእብጠቱ» እያልን ስቴሮይድ መውጋት እናቁም። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነውና ከ10,000 በላይ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ የወሰዱት በብዛት እንደሞቱ አሳይቷል። ግፊቱን የሚቀንሱት ማኒቶልና በደም ሥር የሚሰጥ ጨው የበዛበት ፈሳሽ ናቸው፤ ከሁሉ በፊት ግን ኦክስጅን መስጠትና የደም ግፊቱ እንዳይወርድ መጠበቅ ይቀድማል።

የከብት ባለቤቶችም ይስሙኝ። በወለደች በቀናት ውስጥ ወድቃ አንገቷን ወደ ጎኗ ያጠፈች ላም አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየም አንሷት ነው፤ በደም ሥር ቀስ ተብሎ ሲሰጣት በዚያው ሰዓት ልትነሣ ትችላለች። በድንገት ዓይኑ ጠፍቶ ከግድግዳ ጋር የሚጋጭ ወይም ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የሚወጥር ጥጃና በግ ደግሞ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ መርፌውን ቀድሞ ያገኘ ይመለሳል፣ የአንጎሉ ሕዋስ ከሞተ በኋላ ያገኘ አይመለስም።

«ተስፋ አትቁረጡ፣ ቀርባችሁ እርዱት» ያልኩት ግን ለአንድ በሽታ አይሠራም። መንጋጋው የወረደ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ወይም ላም ጉሮሮው ላይ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስላል፤ ሰውም አዝኖ እጁን ይሰዳል። የእብድ ውሻ በሽታ ሁልጊዜ በሩጫና በመናከስ አይመጣም፤ ጸጥ ብሎ በሽባነትም ይመጣል። ክትባቱ በውል ያልታወቀ እንስሳ እንዲህ ከሆነ አትንኩት፤ ለይታችሁ ዝጉበትና ባለሙያ ጥሩ። ለሃጩ ቁስል ላይ ወይም ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ወይም ከነከሰ፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፤ ዓይንን በውሃ ብቻ። በዚያው ቀንም ለክትባት ጤና ተቋም ሂዱ። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ክቡር አዘጋጅ፣ ከጋዜጣችሁ የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ሌሊትና በበዓል ቀን የሚሠሩ የእንስሳት ክሊኒኮችን ስልክ በቋሚ ቦታ አውጡልን። ያቺ ወጣት ዓርብ ማታ ውሻዋ ሲጮህ ስልኳን ይዛ ቁጭ ብላ ነበር፤ የምትደውልለት ሰው አላወቀችም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእንስሳት ሐኪም