ጣሪያ የሌለው ብሪጅ

ልጄ፣ ሰላም ነሽ?

እኛ ደህና ነን። በስልክ የጠየቅሽኝ ነገር በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው የምጽፍልሽ። «እዚህ ካናዳ፣ ሃሚልተን የቆመችው የጦር መርከብ ሃይዳ፣ መኮንኖቹ ቆመው መርከቧን የሚያዙበት ብሪጇ ለምንድነው ጣሪያ የሌለው? በዚያ ብርድ ሰው ደጅ ይቆማል እንዴ?» ብለሽኝ ነበር። አንቺ በሐይቅ ጫኝ መርከብሽ ላይ ማሞቂያ ያለው ብሪጅ ስለለመድሽ ቢገርምሽ አይፈረድብሽም።

ሃይዳ እኮ ተራ ጀልባ አይደለችም። በፈረንጆቹ 1942 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ላይ ውሃ የነካች ዴስትሮየር፣ ፈጣን የጦር መርከብ ናት። መድፉ አለ፣ ውሃ ውስጥ የሚወነጨፈው ቶርፒዶ አለ፣ ራዳሩ አለ። ይህን ሁሉ የገጠመ አገር ለካፒቴኑ ጣሪያ የሚሆን ብረት አጣ? አላጣም። ሆን ብለው ነው ክፍት የተዉት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በዪ። መሪውን የሚይዘው ሰው ደጅ አልነበረም። ከብሪጁ ሥር ባለች ክፍል ተዘግቶ ነው የሚቆመው፤ ባሕሩን እያየ አይደለም የሚያዞረው። ላይ ያለው መኮንን የድምፅ ቱቦው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ያዛል፣ እሱ ያዞራል። ስለዚህ ላይ የቆሙት ሰዎች ዋና ሥራ ማየት፣ መስማትና መወሰን ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ መስታወት ጠላት ነው።

ማታ ሳሎን መብራት አብርተሽ በመስኮት ወደ ውጭ እዪ። የምታዪው የራስሽን ፊት ነው። ብሪጅም እንደዚያው ነው፤ የኮምፓሷ ትንሽ መብራት እንኳ መስታወቱ ላይ ታበራለች። የማዕበሉ ጨው ሲደርቅበት፣ ዝናቡ ሲወርድበት፣ በረዶው ሲይዘው ደግሞ ጭራሽ ግድግዳ ይሆናል። በሞተር የሚሽከረከር ክብ መስታወት ነበረ፣ ውሃውን ይበትናል። ግን በዚያች ክብ ብቻ እያየሽ ስንቱን ትጠብቂያለሽ? አጃቢ መርከብ መብራቷን አጥፍታ ነው መብራታቸውን ባጠፉ የጭነት መርከቦች ዙሪያ የምትዞረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመታት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ሌሊት ውሃው ላይ ወጥተው ነበር የሚያጠቁት። ከሩቅ የሚታየው የማማቸው ጥላ ብቻ ነው። ጨለማ የለመደ ዓይን ደጅ ሆኖ ያቺን ጥላ ሊለያት ይችላል። ከእርጥብ መስታወት ጀርባ ያለ ዓይን ግን ከየት አምጥቶ?

ከዚያ ደግሞ ሰማዩ አለ። ስቱካ የሚባለው የጀርመን አውሮፕላን ከአናት ላይ፣ ቁልቁል ነበር የሚወረወረው። ካፒቴኑ አንገቱን ወደ ኋላ ሰብሮ ያየዋል። ቦምቡ ሲለቀቅ ካየ መሪውን እስከ መጨረሻው አስዙሮ መርከቧን ወደ ጎን ያሸሻታል። ጣሪያ ካለ ይህ ሁሉ የለም፤ የምታውቂው ሲፈነዳ ነው። በ1941 ቀርጤስ ደሴት ዙሪያ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሦስት ክሩዘር (ከዴስትሮየር ተለቅ ያለ የጦር መርከብ) እና ስድስት ዴስትሮየር ሰጥሞበታል፤ አብዛኛው በአውሮፕላን ነው። ክፍት ብሪጅ አላዳናቸውም ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። ግን የተረፉት መርከቦች እንዴት ያመልጡ እንደነበር ስታነቢ፣ ቀና ብሎ ማየት የሚችል ካፒቴን ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው ይገባሻል።

አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ዝግ ብሪጅ ነበር የሚወዱት። በጦርነቱ ግን እነሱም ቀስ እያሉ ወደ ደጅ ወጡ። ፍሌቸር የሚባሉትን ዴስትሮየሮች ውሰጂ፤ 175 ናቸው የተሠሩት። የመጀመሪያዎቹ ፊታቸው ክብ የሆነ ዝግ ብሪጅ ነበራቸው። ኋለኞቹ ላይ ቤቱን አራት ማዕዘን አድርገው ዙሪያውን ክፍት መተላለፊያ ሠሩለት። መኮንኑ ከፊት ለፊት ዞሮ ሰማዩን እንዲያይ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ብልሆቹ እነሱ ናቸው፤ ቤቱንም ያዙ፣ ደጁንም አገኙ።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉም የማስበልጠው እሱን ነው። ምፅዋ በነበርኩበት ጊዜ፣ ዳህላክ አካባቢ ማታ ስንዞር፣ መብራት የሌላት ሳንቡክ፣ ያቺ የእንጨት ጀልባ፣ መጀመሪያ የምትደርሰን በሞተሯ ድምፅ ነበር። ዓይን ኋላ ነው የሚመጣው።

የሃይዳን የራሷን ታሪክ ደግሞ ስሚ። ኤፕሪል 29 ቀን 1944 ሌሊት፣ ከፈረንሳይ ጠረፍ ራቅ ብሎ፣ አብራት የነበረችው ሌላዋ የካናዳ ዴስትሮየር አታባስካን በቶርፒዶ ተመታ ሰጠመች። ሃይዳ አንዲት የጀርመን መርከብ አባርራ ዳርቻ ላይ ካስወጣች በኋላ ተመልሳ መጣችና ውሃ ላይ በተንሳፈፉት የአታባስካን ሰዎች መሃል ቆመች። ሊነጋ ነው። የጠላት ጠረፍ ቅርብ ነው። የቆመች መርከብ ደግሞ ለማንም ኢላማ ናት። የአታባስካን ካፒቴን ጆን ስተብስ፣ ራሱ ውሃ ውስጥ እያለ፣ «ሃይዳ፣ ሂጂ፣ ራቂ» ብሎ ጮኸ ተብሎ ይተረካል። የሃይዳ ካፒቴን ሃሪ ዴዎልፍ አርባ ገደማ ሰው አውጥቶ ሄደ። ስተብስ አልተረፈም። አሁን ብሪጇ ላይ ወጥተሽ ስትቆሚ ከጎንሽ አጥር እንጂ መስታወት የለም። ከውሃው የሚጮህ ሰው ድምፅ ሳይጋረድ ነው የሚደርስሽ።

ይህ ሁሉ በነጻ አልመጣም። ወደ ሰሜን ሩሲያ ወደብ ሙርማንስክ ይሄዱ የነበሩት ኮንቮዮች፣ ማለትም በአጀብ የሚጓዙ መርከቦች ላይ የሚረጨው ውሃ የነካው ነገር ላይ ይጋገር ነበር። መርከቧ ከላይ ከብዷት እንዳትገለበጥ በረዶውን በመጥረቢያ ይፈልጡታል። ብሪጅ ላይ ያለው ሰው ወፍራም ካፖርት ደርቦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ቅባት ያለው ትኩስ ካካዎ እየጠጣ ተራውን ይቆማል። ንፋሱን ወደ ላይ የሚመልስ ዘመም ያለ መከታ ከፊት ይሠራላቸው ነበር። ይረዳል፣ ግን ካፖርት አያስወልቅም። በዚያ ላይ ትንሽ ጉራም የነበረበት ይመስለኛል። ከሸራ መርከብ ጀምሮ ደጅ የቆመ ባሕርተኛ፣ ቤት ውስጥ ሆኖ መርከብ መምራት ሽንፈት ነው የሚመስለው። የደከመና የበረደው ሰው ደግሞ ጥሩ አያይም፤ ይህን የሚናገር ግን አልነበረም።

በመጨረሻ ያስገባቸው ብርዱ አይደለም፣ አቶሚክ ቦምብ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሚፈራው የጨረር አቧራ ሆነ። በ1955 አገልግሎት የጀመረችው የካናዳዋ ሴንት ሎረንት ሰዎቿን ውስጥ ዘግታ አካሏን በውሃ እንድታጥብ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ሎንደን ቴምዝ ወንዝ ላይ የቆመችው የእንግሊዝ ክሩዘር ቤልፋስት በ1956 እና 1959 መካከል በታደሰችበት ጊዜ ብሪጇ ተከደነ። ደግሞም ካፒቴኑ የሚፈልገው መረጃ ከሰማይና ከአድማስ ወደ ራዳር ስክሪን ወርዶ ነበር። ውጊያው ራሱ ከታች፣ መስኮት ከሌለው ክፍል መመራት ጀመረ። ጣሪያ የሌለው ብሪጅ ያኔ ሥራ ፈታ።

ወዳንቺ ስመጣ፣ የመርከቦች ግጭት መከላከያው ደንብ አምስተኛው አንቀጽ ጥበቃ በማየትም በመስማትም ነው ይላል። ፈተና ላይ ጽፈሽዋል መቼም። ለዚህም ነው ብሪጃቸው ዙሪያውን የተዘጋ መርከቦች ላይ የውጭውን ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ እንዲገጠም ዓለም አቀፉ ሕግ የሚያዘው። የናንተዋስ አላት? ማይክራፎኑ የት ነው የተሰቀለው? ጭጋግ ሲሆን ድምፁን ከፍ ያደርጉታል ወይስ ያጠፉታል? ሁለተኛ መኮንንሽን ጠይቂና ጻፊልኝ። ካጠፉት ደግሞ ከብሪጁ ጎን ወዳለው ክፍት ክንፍ የሚያወጣውን በር ከፈት አድርጊ፤ ብርድ ነው ብለው ቢቆጡሽም።

አባትሽ