ስምንት ሰዓት ሲሆን ምን ላድርግ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ ስለ ሱስና ስለ እምነት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ንስሐ የገባና ጠበል የተጠመቀ ሰው ሱሱ ወዲያው እንደሚለቀው ይናገራሉ። በእግዚአብሔር ሥራ አልገባም። በአንድ ቀን የተላቀቀ ሰው ይኖራል። ግን ይኼ ብቻ ሲነገር የሚጎዳ ሰው አለ። ጫት ትቶ ሦስተኛ ሳምንቱ ላይ ሀራራ የሚያንገላታው ሰው "እኔንማ እግዚአብሔር አልፈለገኝም" ይልና ይመለሳል። እንዲህ ብለው የተመለሱ ጓደኞች አሉኝ።

እኔ የተሳቢ ሹፌር ነኝ። ከጅቡቲ ወደብ ጭኜ በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ አድርጌ ሞጆ ደረቅ ወደብ አራግፋለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምንቅም አይጠይቅም። ከምሳ በኋላ የአፋር ሙቀት ዓይን ይከድናል። ጫቱ እንቅልፍ ያባርራል፣ ረሃብ ያስረሳል፣ ጨዋታ ያመጣል። ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ማለትም መጠጥ፣ አለ። አንዱ ሱስ ሌላውን ይጎትታል።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን "ስንት ሰዓት ላይ ነው የምትቅመው ልጄ?" አሉኝ። ስምንት ሰዓት ገደማ እንደምጀምር ነገርኳቸው። "እንግዲያው እሷን ሰዓት ሥራ እንስጣት" አሉና ቀኖና ሰጡኝ። ሰዓቱ ሲደርስ መኪናዬን ጥግ አቆማለሁ። በተሳቢው ጥላ ሥር ቆሜ እጸልያለሁ። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" እላለሁ፤ ከዚያ እሰግዳለሁ። ጫት እጅና አፍ ነው የሚይዘው። መቁጠሪያውም እንደዚያው።

ከተማ ያለ ሰው ደግሞ የተሻለ ዕድል አለው። በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የሚያልቀው። በርጫ የሚደምቅበት ሰዓት ማለት ነው! ቅቤ ትቶ በርጫ ቤት ከመጾም ቅዳሴው ላይ መቆም ይሻላል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተናገረውን አስቡት። ከሰው የወጣው ርኩስ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ተጠርጎ አገኘው፤ ግን ባዶ ነበር። ከእርሱ የከፉ ሰባት ይዞ ገባ። ሱስ የለቀቀው ሰዓትም ባዶ ከቀረ እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን ከባድ ነበር። ማታ ዱካክ ያስጮኸኛል፣ ቀን በትንሽ በትልቁ ቱግ እላለሁ። ረዳቴ ሙስሊም ነው፣ እሱም ይቅማል። "ጋሼ፣ እኔ ረመዳን ሲገባ ቀኑን ሙሉ እችል የለ እንዴ? አንተም ትችላለህ" ይለኝ ነበር። ከብዙ ስብከት ይልቅ ያቺ ቃል አበረታታችኝ።

መጠጥ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊያንቀጠቅጠው፣ ሊጥለው፣ ሕይወቱንም ሊያሳጣው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሐኪም ሳያየው ጠበል ቦታ ወስዶ ማስቀመጥ ለእኔ እምነት አይደለም። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል መታየትና ጠበል መጠመቅ አይጣሉም።

ካህናት አባቶቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሱሰኛ ሲመጣባችሁ ሰዓቱን ጠይቁት። በየሳምንቱም ደውሉለት። የኔ አባት እስከ ዛሬ ይደውላሉ፤ ኔትወርክ በሌለበት ከሆንኩ ማታ ደግመው ይደውሉልኛል።

የመኪና ባለቤቶችም ይስሙኝ። በቢያጆ (በምልልስ) ብዛት የሚከፈለው ሹፌር ሌሊቱን ሲነዳ ያድራል። ሌሊቱን የነዳ ሰው ደግሞ በማግስቱ ሳይቅም መሪ አይዝም። ጸሎት እንቅልፍን አይተካም። እኔ አሁን ሚሌ አድሬ ነው የምወጣው፤ በዚህም ምክንያት ገቢዬ ይቀንሳል። ይኼን የንስሐ አባቴ ሊፈቱልኝ አይችሉም። የሚፈታው ባለቤቶቹ የክፍያውን አሠራር ሲቀይሩ ነው።

የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከአዳማ