ሚጥሚጣዋ አትቆጠርም

ውድ አልሚዬ፣

«ጠፋሽ» ብለሽ ሳትጀምሪኝ፣ አዎ ጠፋሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅጣቱን ስንገናኝ ትቆርጪልኛለሽ። ሰናይት ደውላ ከጉንፋኑ ወዲህ ሽታ እንደጠፋብሽ፣ ወጥ አርሮብሽ ጎረቤት አንኳኩቶ እንደነገረሽ አወራችኝ። የዚያን የኪራይ ቤታችንን ሽሮ አስታውሼ ሳቅሁ። «ሁለት ወሯ» ስትለኝ ግን ሳቄ ቆመ።

«ጣዕምም የለኝም» ብለሻል አሉ። እስቲ እሱን እንለየው። አፍንጫሽን በጣትሽ ጥብቅ አድርገሽ ይዘሽ የብርቱካን ከረሜላ አፍሽ ውስጥ አድርጊ። ጣፋጭና ትንሽ ኮምጣጣ ብቻ ነው የሚሆነው። እየመጠጥሽው አፍንጫሽን ልቀቂ። ደህና ሰው ብርቱካንነቱ ያኔ ዱብ ይልበታል፤ ቃናው በጉሮሮ በኩል ወደ አፍንጫ ይወጣልና። ጣፋጭነቱ ኖሮ ብርቱካኑ ካልመጣ ምላስሽ ደህና ነው፤ የጠፋው ሽታው ነው። ከጉንፋን በኋላ «ጣዕም አጣሁ» የሚለው ሰው አብዛኛው እንዲህ ነው።

ደግሞ «ሚጥሚጣ ይሸተኛል» ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፣ አውቅሻለሁ። ሚጥሚጣዋ አትቆጠርም! እሷም፣ ሜንቶሉም፣ አሞኒያውም የሚሰሙሽ በማሽተቻው ነርቭ ብቻ ሳይሆን ማቃጠልና ማቀዝቀዝ በሚያደርሰው፣ ትራይጀሚናል በሚባለው የፊት ስሜት ነርቭ ነው። ሽታ ፈጽሞ የጠፋበት ሰውም አሞኒያ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ባያዞር ነው ሐኪሙ «ያስመስላል» ብሎ የሚጠራጠረው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ስምንት አንድ ዓይነት ብልቃጥ ፈልጊ፤ ቡና፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማ፣ ቀረፋ፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ ጤና አዳም፣ የሎሚ ልጣጭ። በየብልቃጡ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከላይ ስስ ጥጥ። ያቺ ልጅሽ ታቅርብልሽ፤ ሽንኩርት ከከተፈች በኋላ ግን አይሆንም፣ ጣቷን ነው የምታሸቺው። ሩብ ሰዓት ቀደም ብለሽ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሺ። ዓይንሽ ይታሰር፤ ብልቃጡ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይጠጋ፣ ሦስት ሰከንድ አሽትቺ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ እረፊ፤ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል።

ለእያንዳንዱ አራት ስም ትጥራልሽና አንዱን ምረጪ፤ ባይሸትሽም ምረጪ። «አላውቅም» ካልሽ ፈተናው ተበላሸ። ከአራት አንዱን በጭፍን የሚመርጥ ሰው በአማካይ ከስምንቱ ሁለቱን ያገኛል፤ ስለዚህ ሁለት ብታገኚ በጭፍን ከመረጠ ሰው አትለዪም ማለት ነው። አማራጮቹ የተራራቁ ይሁኑ፤ ኮረሪማን ከሄል የሚያምታታ አፍንጫው ሳይሆን ስሙ ነው የጠፋበት። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ባለ 40 ጥያቄ፣ እየተፋቀ የሚሸተተው ፈተና ለኛ ሰው የሚያስቸግረው ለዚሁ ነው፤ ሩት ቢር የሚባለውን የአሜሪካ ለስላሳ ጠጥቶ የማያውቅ በምን ይለየው?

ሐኪም ቤት በእስክሪብቶ መልክ የተሠሩ ሽታዎች ካላቸው፣ ሦስት ነገር ይለካሉ፤ ምን ያህል ቀጭን ሽታ እንደምትሰሚ፣ ሁለት ሽታ መለየትሽንና ስሙን ማወቅሽን። ድምሩ ከ48 ነው፤ 16ና ከዚያ በታች ሽታ የለም ይባላል፣ ከ30.75 ጀምሮ ደህና።

አንድ ነገር ልንገርሽ አልንገርሽ እያልኩ... ወይ፣ ልንገርሽ። ቡናው አንድ ቀን ተመልሶ የተቃጠለ ጎማ ወይም የበሰበሰ ነገር ቢሸትሽ አትደንግጪ። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርትና የተጠበሰ ሥጋ በብዛት እንዲህ ያደርጋሉ። ነርቮቹ ሲያገግሙ የሚታይ ነው፣ ደስ ባይልም።

እስከዚያው ጠዋትና ማታ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ እያንዳንዳቸውን አሥር አሥር ሰከንድ አሽትቺ። የጀርመን ድሬስደኑ የሽታ ተመራማሪ ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ለ12 ሳምንት ያሠሩት ይህንኑ ነው። በአንድ ሳምንት አልሠራም ብለሽ እንዳትተዪው፣ ጂሙን እንደተውሽው። በአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የጠፋው፣ ወይም ጭንቅላትሽን ተመተሽ ከነበረ ግን ይሄን ደብዳቤ ጣይና ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሲሊንደሩን ደግሞ ምግብ ባበቃሽ ቁጥር ከራሱ ዝጊው። ጋዙ ውስጥ ያን ክፉ ሽታ የጨመሩት ለአፍንጫ ብለው ነው፣ ያንቺ ደግሞ እረፍት ላይ ነው።

ከስምንት ስንት እንዳገኘሽ ቁጥሩን ላኪልኝ። ሌላኛውን ቀዳዳ እየዘጋሽ፣ በየቀዳዳው ለየብቻ። ብትሰድቢኝም ከቁጥሩ በኋላ ይሁን።

ያንቺዋ ጠፊ፣
ትርሲት